እርማቸውን ያላወጡ ወላጆች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ልዕለ ጀግና ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ፊልሙን ያየ ሰው ኮሚኩን፣ ማለትም በሥዕል የሚተረከውን መጽሔት፣ ባያነብ ምንም አይቀርበትም ይላሉ። እኔ ብዙ ይቀርበታል ባይ ነኝ። በደንብ በማውቀው በአንድ ታሪክ ላስረዳ፤ በሱፐርማን ሞት። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ነው። ትልቁ ልጄ ኮሚክ ከያዘ ቢጠሩት አይሰማም። ምን ቢያገኝበት ነው ብዬ አንድ ቀን የተወሰኑትን ይዤ ሥራ ገባሁ። የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መኪና ብዙም አይወጣም።

ታሪኩ የወጣው በ1992 መጨረሻ ነው። ዱምስዴይ የሚባል አውሬ ከመሬት ውስጥ ፈንቅሎ ይወጣና ያገኘውን ሁሉ እያፈረሰ ሱፐርማን ወደሚኖርባት ከተማ ወደ ሜትሮፖሊስ ይገሰግሳል። እዚህ ላይ የሠዓሊዎቹን ብልሃት እዩልኝ። ሱፐርማን ሊሞት ሦስት እትም ሲቀረው በየገጹ አራት ሥዕል አለ። በሚቀጥለው እትም ሦስት ይሆናል። ከዚያ ሁለት። የሚሞትበት የ«ሱፐርማን» መጽሔት ቁጥር 75 ላይ አንድ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም፤ ብቻ በገለጥኩ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። ልጄ ነው ኋላ ላይ «አባዬ፣ ቁጠራቸው እንጂ» ያለኝ። ይሄን የትኛው ፊልም ያሳያል?

ከሁሉ የያዘኝ ግን ቀብሩ ነው። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ሱፐርማንን ይቀብራል። ሱፐርማን በዘወትር ኑሮው ክላርክ ኬንት ይባላል፤ ክላርክ ሱፐርማን መሆኑን ግን ሰው ስለማያውቅ እሱ የተቆጠረው ከጠፉት ጋር ነው። አሳዳጊ እናትና አባቱ ካንሳስ ቤታቸው ቁጭ ብለው የልጃቸውን ቀብር በቴሌቪዥን ያያሉ። ሬሳውን አላገኙ፤ አፈር አላለበሱ። «ልጄን» ብለው ደረት መምታት እንኳ አይችሉም። ቆይቶ አባትየው ልቡ ታሞ ይወድቃል።

እናቴ ደሴ ስታርፍ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር፤ ከአገር መውጣት አልችልም። ቀብሯን ያየሁት የአክስቴ ልጅ በያዘው ስልክ ነው፣ እዚያችው የፓርኪንግ ክፍል ውስጥ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ጃንጥላውን አያለሁ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባ አያለሁ፣ ከዚያ ምስሉ ቀጥ ይላል። መሀል ላይ አንድ ደንበኛ በመስኮቱ ትኬቱን ሰጠኝ። ተቀብዬ ሒሳቡን ሠራሁለት። ስመለስ መስመሩ ተቋርጧል። እርሜን ያወጣሁት ከዓመታት በኋላ መቃብሯ ላይ ቆሜ ነው። ስለዚህ እነዚያን ሁለት ሽማግሌዎች ቴሌቪዥን ፊት ሳያቸው ኮሚኩን ዘግቼ ትንሽ መቆየት ነበረብኝ።

ወደ ፊልሙ ልምጣ። በ2016ቱ «ባትማን ቪ ሱፐርማን» ፊልም ሱፐርማን የሚሞተው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄንን ሱፐርማን የተዋወቅነው በ2013ቱ ፊልም ነው፤ ገና ሳንላመደው ሞተ፣ በ2017 ደግሞ ተነሣ። ቀብሩ ሁለት ቦታ ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ባዶ ሣጥን፣ ካንሳስ ላይ እውነተኛው ሬሳ። የካንሳሱ ጥሩ ትዕይንት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን እናቲቱ ልጇን ቀብራለች። አባትየው ደግሞ ባለፈው ፊልም ሞቶ አልቋል። ያ ሁሉ የታፈነ ለቅሶ የለም። ይኸው ታሪክ በአኒሜሽንም ተሠርቷል፤ የ2007ቱ ሞቱንም መመለሱንም አንድ ላይ ጠቅጥቆ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይጨርሰዋል። የ2018ቱ ይሻላል፤ መመለሱን ለ2019ኙ ፊልም ትቶታል።

ከኮሚኩ የተጻፈው ልብ ወለድስ? ሮጀር ስተርን በ1993 አውጥቶታል። ሰውየው ኮሚኩን ከጻፉት አንዱ ስለሆነ ነገሩን ከውስጥ ያውቀዋል። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚለው የሥዕል ቆጠራ እርግጥ በጽሑፍ አይመጣም። በምትኩ ሐዘኑ ጊዜ ያገኛል። በእኔ እንግሊዝኛ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ አልቆጨኝም። ፊልም ሠሪዎቹ ከዚህ መጽሐፍ መማር የነበረባቸው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ጋ ቁጭ ማለትን።

ቁጥር 75 ሲወጣ በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ ነበር። ብዙ ሰው ዋጋው ይጨምራል ብሎ ሳይከፍት አስቀመጠው። የታተመው በሚሊዮን ስለሆነ ዛሬም በርካሽ ይገኛል። የእኔን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው የገዛሁት፤ ፕላስቲኩ የለም፣ አንዱ ጥግ ቡና ነክቶታል። ጸሐፊያችሁ ማንበብ ከፈለጉ አድራሻቸውን ላኩልኝ፣ ከቀብሩ እትሞች ጋር አውሳቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ