ለቅድስት፦ የሚንሳፈፈውና የሚሰምጠው ፕላስቲክ

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታልሻለች፤ ከሐዋሳ ወደዚያ የሚመጣ ሰው እንዳገኘን እንልካለን።

በስልክ «ፕላስቲክ ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል» ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅም አይደለም። ያገለገለ ፕላስቲክ በኪሎ እየገዛሁ ነው ያሳደግኩሽ፤ ይህን በደንብ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

አንድ ሃይላንድ ጠጥተሽ ስትጨርሺ ክዳኑን አውልቂ። ከጠርሙሱም የጣት ያህል ቁራጭ በመቀስ ቁረጪ። ሁለቱንም ባልዲ ውሃ ውስጥ ክተቺ። ግን ዝም ብለሽ አትጣያቸው። በጣትሽ ወደ ውስጥ ጫን አድርጊና እሻቸው፤ የአየር አረፋ ከተለጠፈባቸው ያታልልሻል። ክዳኑንም አዘንብለሽ ውሃ አስገቢበት። ስትለቂያቸው ክዳኑ ብቅ ይላል፤ ቁራጩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል።

ከአንድ ዕቃ ላይ የመጡ ናቸው፣ ግን እፍግታቸው ይለያያል። እፍግታ ማለት መጠነ ቁስን፣ ማለትም ሚዛን ላይ የሚወጣውን፣ ለይዘት፣ ማለትም ዕቃው ለሚይዘው ቦታ፣ ስታካፍዪ የምታገኚው ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውሃ 1 ግራም ይመዝናል። ጠርሙሱ የሚሠራበት ፔት 1.38 ግራም አካባቢ ነው። ክዳን የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የመጀመሪያው 0.95፣ ሁለተኛው 0.91 ገደማ። ከውሃው ያነሰ ይንሳፈፋል፣ የበለጠ ይሰምጣል። ቁራጩን አሥር ቦታ ብትቆራርጪውም ያው ይሰምጣል። ዘይትም ከውሃ ያንሳል፤ ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ሚዛን ላይ ሲወጣ 4.6 ኪሎ አካባቢ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ሻጩ አጉድሎ አይደለም።

ጠርሙስ የሚፈጩ ፋብሪካዎች በዚሁ ይጠቀማሉ። ጠርሙሱን ከነክዳኑ ይፈጩና ውሃ ገንዳ ውስጥ ይጨምሩታል። የክዳኑ ፍርፋሪ ከላይ ይቀራል፤ ፔቱ ከሥር ይለቀማል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ፒቪሲ ነው። የቧንቧው ፕላስቲክ ማለቴ ነው። እሱም 1.4 አካባቢ ስለሆነ ከፔቱ ጋር አብሮ ይሰምጣል፤ ውሃው አይለየውም። ሲቀልጥ ደግሞ አሲድ እያወጣ ፔቱን ያበላሻል። ትንሽ ቁራጭ ብትገባ እንኳ ጉዳቷ ብዙ ነው። ስለዚህ እዚህ እኛ ጋ፣ ከመፈጨቱ በፊት፣ በዓይንና በእጅ መለቀም አለበት። ለቃሚዎቹ ሴቶች ላይ ጥድፊያ የማላበዛው ለዚህ ነው። ሥራቸው የሚገባቸውን ክብር አያገኝም።

ጨውም ሞክሪ። ጠንካራና በቀላሉ ቀጭ የሚል የሚጣል ማንኪያ ካገኘሽ ብዙውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው፤ 1.05 አካባቢ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 150 ግራም ጨው አሟሚና መልሰሽ ክተቺው፣ ይነሣል። ማንኪያው አልተለወጠም፤ ውሃው ነው የከበደው። የፕላስቲክ ወንበር ግን ቢሰምጥብሽ አትደናገሪ። ፖሊፕሮፒሊን ሆኖ ሳለ ዋጋው እንዲቀንስ የድንጋይ ዱቄት የሚቀላቀልበት አለ።

«ታዲያ ሐይቁ ላይ ሃይላንድ ሲንሳፈፍ ስንቴ አይቻለሁ» ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ክዳኑ ስለተዘጋ ውስጡ ያለው አየር ይዞት ነው። ክዳኑ የወለቀው ውሃ ሞልቶት ሥር ይገባል፣ ዓይን አያየውም። ሐይቃችን ደግሞ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ጎርፍ ከከተማው ጠርጎ የወሰደው ፕላስቲክ ወዴትም አይሄድም። በጽዳት ዘመቻ ከላይ ያለው ተለቅሞ ፎቶ ተነሥተን «ጸዳ» ስንባል ያናድደኛል። ከሥር ያለውስ? አሞራ ገደል ያሉትን ዓሣ አጥማጆች ጠይቂያቸው፣ መረባቸው ምን ይዞ እንደሚወጣ ይነግሩሻል።

ለሚቀጥለው ጽዳት ከታች ክብደት የታሰረበት መረብ እንዲያውሱን ለምኛቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል። ለእረፍት ስትመጪ አብረሽን ትወጫለሽ። ከሥር የሚወጣውንና ከላይ የሚለቀመውን ለየብቻ እንመዝናለን፤ መዝገቡን አንቺ ትይዣለሽ።

አባትሽ