ማስጠንቀቂያው ከጎርፉ ቀድሞ ድንበር ይሻገር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክረምቱ ሲበረታ ጅማ ላይ ሁላችንም ዓይናችን አዌቱ ላይ ነው። ወንዙ ደፍርሶ ድልድዩን መታከክ ሲጀምር በዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች ፍራሹንና የእህሉን ጆንያ ከወለል ያነሳሉ፤ ከላይ ያለው ሰፈር ለታችኛው ደውሎ ይነግራል። ውሃው ከከተማችን ከወጣ በኋላ ግን የት እንደሚደርስ ብዙዎቻችን አናስብም። ከግልገል ጊቤ ጋር ተቀላቅሎና በግድቦቹ አልፎ፣ በኦሞ ወንዝ በአገራችን ደቡባዊ ጫፍ ያለውን የዳሰነችን ምድር አቋርጦ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ከሚያገኘው የወንዝ ውሃ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው የኦሞ ውሃ ነው፤ የሐይቁ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የሚገኘው ኬንያ ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚደዋወሉበት ሥርዓት በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት እንዲዘረጋ ለመጠየቅ ነው።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ቆላ ሰማዩ ሳይጠቁር ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ የሚጥለው እኛ ዘንድ፣ በደጋው ነው። ደጋው ላይ ዝናቡ ሲከብድ ለሚያይ ሰው ውሃው ታች እስኪደርስ ጊዜ አለ፤ ወሬው ካልደረሰ ግን ያ ጊዜ ለማንም አይጠቅምም። ግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ አፈሳሰስ በእጅጉ ተለውጧል፤ ስጋቱ ግን አልቀረም። በቅርብ ዓመታት የቱርካና ሐይቅ ውሃ ከፍ በማለቱና ኦሞም በመሙላቱ የዳሰነች አርብቶ አደሮች መንደራቸውንና ግጦሻቸውን ጥለው ሸሽተዋል፤ ኬንያ ውስጥም በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ቤቶች ተውጠዋል። ስለዚህ መረጃው ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከኬንያ ወደ እኛም መምጣት አለበት። ሐይቁ ምን ያህል እንደጨመረ በኬንያ በኩል ኢለሬት ላይ ያለው ሰው ካወቀ በእኛ በኩል በዳሰነች ኦሞራቴ ያለውም በዚያው ቀን ሊያውቅ ይገባል።

ይህ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ባለፈው ኅዳር አይተናል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ደርሷል። ፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ከሳተላይት ያየውን በዚያው ዕለት አሰራጨ፤ የሕንድ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። ማዕከሉ በዚያን ቀን ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም፤ ለማን እንደሚነገር፣ በምን መልክ እንደሚነገርና ማን እንደሚናገር አስቀድሞ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተወስኖ ነበርና። እዚያው አፋር ያለው የአፍዴራ አርብቶ አደር በበኩሉ ከብቶቹ የሚግጡት ሣር አመድ ሲለብስ ነው ያየው። ለአውሮፕላን የተዘረጋው ሥርዓት ለከብት አርቢው ያልተዘረጋበት ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ተቋም የለንም ማለቴ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የጋራ ድርጅት የሆነው ኢጋድ በ1978 ዓ.ም. የተመሠረተው ድርቅን በጋራ ለመከላከል ነበር፤ ዛሬም ኬንያ የሚገኘው የአየር ንብረት ማዕከሉ ለቀጣናው የወቅት ትንበያ ያወጣል። እኛም የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንና የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አሉን። ነገር ግን የሦስት ወር ትንበያ ሌላ ነው፣ «ውሃው ነገ ማታ ይደርሳል» የሚል ቃል ሌላ ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ናይሮቢ ወጥቶ እንደገና በየደረጃው እየወረደ ዳርቻው ላይ ያለው መንደር እስኪደርስ ድረስ ውሃው ይቀድመዋል። በሸበሌም ነገሩ ያው ነው፤ በእኛ ደጋዎች የጣለው ዝናብ ሶማሊያ ውስጥ በለድወይንን ደጋግሞ አጥለቅልቋል።

እንግዲህ የምጠይቀው የዳሰነች ወረዳ ከኬንያዎቹ የቱርካናና የማርሳቢት ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር በጽሑፍ እንዲፈቀድለት ነው። ከግድቡ በብዛት ውሃ ሊለቀቅ ሲልም ለታችኞቹ ሁሉ፣ ለኬንያውያኑ ጭምር፣ አስቀድሞ መንገር ግዴታ ይሁን። ማስጠንቀቂያው በዳሰነችኛና በቱርካንኛ ይነገር፤ ዳሰነች በሁለቱም አገር የሚኖር ሕዝብ ስለሆነ ዘመድ ለዘመድ ሲነግር ወሬው የበለጠ ይታመናል።

የእርዳታ መተላለፊያም አስቀድሞ ይታሰብበት። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ቱርክንና ሶሪያን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ተሽከርካሪዎች ቡድን ከቱርክ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሶሪያ የተሻገረው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ፍርስራሽ ሥር ላለ ሰው ሦስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በእኛም ድንበር ጀልባ፣ መድኃኒትና የጤና ባለሙያ ያለ ቀረጥና ቪዛ ሳይጠብቅ የሚያልፍበት ደንብ አሁኑኑ፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ጊዜ፣ ሊፈረም ይገባል።

የሚመለከታቸው የሁለቱ አገር ኃላፊዎች ከመጪው ክረምት በፊት ኦሞራቴ ላይ ተገናኝተው የስልክ ቁጥር እንዲለዋወጡና ቢያንስ አንድ ጊዜ ልምምድ እንዲያደርጉ፣ ውጤቱንም በዚህ ጋዜጣ በኩል እንዲያሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከጅማ