የካርተሮች ዘር ቆጠራ፦ ለታደሰ

አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለታደሰ፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዘመን የለውም። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መመርመሩን ለሽማግሌ እንተወውና እኔ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለሌላ ሰው ባወራው "አንተን ምን አገባህ" የሚያሰኝ፣ አንተ ግን እስከ መጨረሻው እንደምታነበው የማውቀው ነገር ይዣለሁ። የሰው ዘር እየቆጠርኩ ነው። ያውም የፈረንጅ፤ ያውም የባሪያ ፈንጋይ ሸሪክ የነበረ የትንባሆ ጌታ።

እኔ ካለሁበት ፎቅ በታች ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ይኖራሉ። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስም ብጠራቸው ይቆጣሉ። አያታቸው "እኛ በካርተር ወረቀት ነጻ የወጣን ነን" ይሏቸው ነበር። እኔ አገር ቤት ሳለሁ መዛግብት ስመረምር እንደኖርኩ የሰሙ ዕለት "እንግዲያው አብረን እንፈልጋ!" አሉኝ። ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ አስቀድሞ የወረቀቱን ባለቤት ማግኘት ግድ ነበር፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ በስም ከሚሞክሸው ከአያቱ ጀመርን።

ሮበርት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1732 ሲሞት (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት የሚስተካከለው ባለጸጋ አልነበረም። ሰው "ንጉሥ ካርተር" ይለው ነበር። 300,000 ኤከር ያህል መሬት ነበረው፤ በአባባ ሒሳብ 3,000 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችንም በባርነት ይዞ ነበር። ይህ ሁሉ መሬት እንዴት በአንድ ሰው እጅ ገባ ትል ይሆናል። በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለው አገር እንግሊዝ ተቀምጠው ግብር የሚበሉት የፌርፋክስ ቤተሰብ ይዞታ ነበር፤ ካርተር ሁለት ጊዜ ወኪላቸው ሆነ። መሬት የሚሰጠው እሱ፣ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ስም የሚቀበለውም እሱ። ምን ዓይነት አገር እንደሆነ እንድታውቀው ያህል፣ ዛሬ የእኛ ሰው እንጀራ የሚሸጥበትና የሚያስቀድስበት የሰሜን ቨርጂኒያ ምድር በሙሉ በዚያ ይዞታ ውስጥ ነበረ። እኔ ራሴ የምመላለስበት ኦክስ ሮድ የሚባል መንገድ አለ። ካርተር በ1728 ከልጆቹ ጋር የመዳብ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፤ መንገዱ ማዕድኑን ወደ ኦኮኳን ወንዝ ለማውረድ የተጠረገ ነው። መዳቡ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ቀረ፤ መንገዱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያጨናንቀናል።

የካርተሮችን ዘር መቁጠር ቀላል ይመስላል፤ ወረቀቱ ሞልቷልና። አባትየው ጆን ካርተር ከእንግሊዝ መጥቶ ላንካስተር በሚባለው አውራጃ ሰፈረ። በዚያ ዘመን ሕግ አንድ ሰው ወደ ቅኝ ግዛቱ ላስመጣ 50 ኤከር ይሰጠው ነበር፤ ጆን በ1665 ለ80 ሰው 4,000 ኤከር ተቀበለ። ችግሩ የሚጀምረው ከሚስቶቹ ነው። አምስት ጊዜ አግብቷል። ሮበርት የሳራ ሉድሎው ልጅ ነው፤ በአባት ብቻ የሚገናኘው ታላቅ ወንድሙ ጆን በ1690 ሲሞት ነው አብዛኛው ሀብት ወደ እሱ የዞረው። ከዚያ ወዲያማ ስሙ ሁሉ አንድ ነው፦ ጆን፣ ሮበርት፣ ቻርልስ፤ እንደገና ጆን፣ ሮበርት፣ ቻርልስ። ለመለየት የሚጠሯቸው በርስታቸው ነው፤ የክሊቩ ቻርልስ፣ የሸርሊው ቻርልስ፣ የሳቢን ሆሉ ላንደን እያሉ። ንጉሥ ካርተር ሁለት አግብቶ አሥራ አምስት ልጆች ወልዷል። ከልጁ ከአን በኩል ሁለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ወጥተዋል፤ ሁለቱም ሃሪሰን ይባላሉ። ከልጁ ከጆን በኩል ደግሞ ጆን የሸርሊውን ቻርልስን ይወልዳል፤ ቻርልስ አንን፤ አን ሮበርት ኤድዋርድ ሊን። አዎ፣ ባርነት እንዳይቀር የተዋጋውን ጦር የመራውን ጄኔራል።

አቆጣጠራቸው ራሱ ያስቃል። እኛ መስከረም ላይ ዘመን ስንለውጥ የሚገረሙብን ሰዎች፣ እንግሊዞችና ቅኝ ግዛቶቻቸው እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚያከብሩት ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለው ቀን በሁለት ዓመት ይጻፋል። ልጅ ከእናቱ ሠርግ በፊት ተወለደ የሚል የዘር ዝርዝር ካጋጠመህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኃጢአቱ የእናቲቱ ሳይሆን የገልባጩ ነው።

ሳቄን የነጠቀኝ ግን ከእነዚያ ባለ ሁለት ዓመት ቀኖች አንዱ ነው። በማርች 1707/8 የላንካስተር ፍርድ ቤት በመዝገቡ ላይ ለሮበርት ካርተር አንድ ፈቃድ ሰጥቷል። ባምባራ ሃሪና ዳይና የሚባሉ ሁለት ባሮቹ "አልታረም" ስላሉ የእግራቸውን ጣቶች እንዲቆርጥ ነው ፈቃዱ። የ1705ቱ ሕግ ኮብላይን ባሪያ ሕይወቱ እስካላለፈ ድረስ አካሉን መቁረጥን ይፈቅድ ነበር። ካርተር ሕግ አክባሪ ሰው ነበርና አመለከተ፤ ተፈቀደለት፤ ተጻፈ። ባምባራ የሚለው ቅጽል ሰውየው ከምዕራብ አፍሪካ ከየትኛው ሕዝብ እንደመጣ ሳይጠቁም አይቀርም። ዳይናን ግን ከዚህ ቅጣት ሌላ ምን ያውቋታል? እትዬ ገጹን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና "ቀጥል" አሉኝ።

ቀጠልን። ካርተር ከሞተ በኋላ የተደረገው የንብረት ቆጠራ እርሻ በእርሻ ይወርዳል። ባል፣ ሚስት፣ ልጆች ከነዕድሜያቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ በሬው፣ ላሟ፣ አሳማው፣ ድስቱ። ከላምና ከድስት ጋር ባይቆጠሩ ኖሮ ግን ስማቸውም አይገኝም ነበር። ይህ ነው ነገሩን የሚያመራርረው። የእነዚያን ሰዎች ልጆች ለማግኘት በጌታቸው ኑዛዜ፣ በልጆቹ ጥሎሽና በወራሾቹ ጠብ ውስጥ መሄድ አለብህ። ሌላ በር የለም።

አባባ በርስት ክርክር ጊዜ ዳኛ ፊት ቆመው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ሲቆጥሩ የነበረውን ታስታውሳለህ አይደል? እሳቸው ሲያስፈልግ በአባት፣ ሲያስፈልግ በእናት ይቆጥሩ ነበር፤ ርስቱ በሁለቱም ይደርሳልና። እዚህ ጌታው በአባት ይቆጠራል፤ ትልቁ ርስት አይሸጥ አይለወጥ ተብሎ ለወንድ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ ይህ ደንብ በቨርጂኒያ የተሻረው በ1776 ነው። ባሪያው ደግሞ በእናት ይቆጠራል። የ1662ቱ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ስለሚል፣ አባቱ ጌታው ራሱ ቢሆን እንኳ ልጁ ባሪያ ነው። እንግዲህ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘር ቆጠራ ነበረ፤ ሁለቱንም የሠራው የንብረት ሕግ ነው። ሚስትህ ሕግ አስተማሪ ስለሆነች ይህን አንቀጽ አስነብባት፤ ከእኔ የተሻለ ታብራራልሃለች።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የንጉሡ የልጅ ልጅ ሮበርት ካርተር ሦስተኛው ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱም አያቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱበት። ኖሚኒ ሆል በሚባለው ቤቱ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ጌታ ኖረ፤ በሙዚቃው፣ በመጻሕፍቱ፣ በባሮቹ ጉልበት። እርሻዎቹን በከዋክብት ስም ነበር የሰየማቸው፦ ሊዮ፣ ሊብራ፣ አኳሪየስ እያለ፤ የእኛ ደብተራ አሰድ፣ ሚዛን፣ ደለዊ እንደሚለው። በ1778 የመሳፍንቱን ቤተ ክርስቲያን ትቶ ነጭና ጥቁር አብሮ የሚጸልይበት የባፕቲስት ጉባኤ ገባ። በ1782 ሕጉ ባለቤት ባሪያውን ራሱ ነጻ እንዲያወጣ ፈቀደ። ካርተር ግን ወዲያው አላደረገውም፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል። በ1791 በኖርዘምበርላንድ ፍርድ ቤት ያስመዘገበው ሰነድ ከ450 በላይ ሰዎችን ነጻ ያወጣል። በአንዴ አይደለም፤ ከ1792 ጀምሮ በየዓመቱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት፣ ከትልልቆቹ ጀምሮ፤ ወንዶች ልጆች 21፣ ሴቶች ልጆች 18 ዓመት ሲሞላቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ እርሻ። ያው እንደ አያቱ ቆጠራ ነው ዝርዝሩ፤ አሁን ግን ላሟና ድስቱ የሉበትም።

ጎረቤቶቹ ጠሉት፤ ከገዛ ልጆቹም የተቃወመው አለ። በ1793 ወደ ባልቲሞር ሄደ፤ ሰነዱን የማስፈጸሙን ሥራ ለአንድ ሰባኪ ተወለት፤ በ1804 ሞተ። መቃብሩ ላይ ምልክት እንኳ የለም። ዋሽንግተን በኑዛዜው 123 ሰው ነጻ አውጥቶ በየትምህርት ቤቱ ይወደስበታል፤ ይህን ሰው ግን እዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጠይቄ የሚያውቀው አጣሁ። እኔ ጻድቅ ነው አልልም፤ ከስልሳ ዓመቱ በኋላ ነው የነቃው፤ እስከዚያ የበላው ሁሉ የእነሱ ላብ ነው። ቢሆንም የእጁን ፊርማ ሳይ ባርኔጣዬን አንሥቻለሁ፤ እትዬ አላነሡም። "ዕዳውን የከፈለ ሰው አይመሰገንም" አሉኝ። እስካሁን እየተከራከርን ነው።

የእሳቸው ቤተሰብ ጉዳይ እንዲህ ላይ ደርሷል። ከእሳቸው ወደ ኋላ ስንቆጥር 1850 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ቆመናል፤ በዚያ ዓመት ነጻ ጥቁሮች በስማቸው ተጽፈዋል፤ ባሮቹ ግን በጌታቸው ስም ሥር ዕድሜና ጾታ ብቻ ነበሩ። ከ1791 ዝርዝር ወደ ፊት ደግሞ እየወረድን ነው። መካከሉ አልገጠመም። ተስፋችን አውራጃዎቹ በሕግ ተገደው የያዙት የነጻ ጥቁሮች መዝገብ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ቁመት፣ የቆዳ መልክና ጠባሳ ሳይቀር ይጽፋል። ክረምቱ ሲገባ ሪችመንድ ወዳለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት አብረን እንሄዳለን።

አንተን የምለምንህ አንድ ነገር አለ። አባባ ደህና ከሆኑና ደስ ካላቸው ቆጠራቸውን በስልክህ ቅዳልኝ፤ በአባትም በእናትም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የሚያስሉትም ሳይቀር። እትዬ ሰው ያለ ወረቀት ያንን ሁሉ ስም ይይዛል ብላቸው አላመኑኝም። አባባ ሲቆጥሩም እያንዳንዱ ሰው ርስቱ የት እንደነበረ ይጨምሩበት፤ እትዬ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ
መስፍን