ተዳፋቱን አትንካው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ሰላም ነህ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት አላስወጣ ብሎኛል።

ይህን የምጽፍልህ ያጎትህ ልጅ ያመጣልኝ ወሬ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ከመስቀል በኋላ ተዳፋቱን ለማስመንጠር ለቀን ሠራተኞች ቀብድ ልከሃል አሉ። ቁጥቋጦው ይመነጠርና ባሕር ዛፍ ይተከልበታል አሉ። «ለምንም የማይሆን ጥሻ ነው» ብለሃልም አሉ። በስልክ ከሆነ መቆጣቴ አይቀርም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ልጄ፣ ተዳፋቱን አትንካው።

ችግርህ ይገባኛል። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከብዶሃል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ገዢም አያጣም። እኔም ባሕር ዛፍ ጠላቴ አይደለም። የተወለድክበት ቤት ግድግዳውም ጣሪያውም እሱ ነው። ለሱ ግን ከመንገዱ በታች ያለው ሜዳ አለልህ። እዚያ ትከል።

ደግሞስ ከመስቀል በኋላ አስመንጥረህ ችግኙን እስከሚቀጥለው ክረምት ማን ሊተክለው ነው? መሬቱ በጋውን ሙሉ ራቁቱን ሊከርም? የመጀመሪያው ዶፍ ሲመጣ አፈሩ ተጠራርጎ እኔ ጓሮ ይገባል። ይህን አላሰብከውም።

አባትህ ያንን ቦታ ሲከልለው አንተ አፍህን አልፈታህም ነበር። ተዳፋቱ ላይ ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። በየክረምቱ ጎርፉ ጓሮውን እየቆረሰ፣ ቦረቦሩ ወደ ቤቱ ይጠጋ ነበር። አባትህ ፍየሎቹን በሙሉ ሸጠ። ድንጋይ ለቅሞ እርከን ሠራ፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠረ። ከዚያ ተወው። አንድ ችግኝ እንኳ አልተከለም። ሰዉ ሳቀበት። የገዛ ወንድሙ «ሰነፍ» አለው። አባትህን! ዶሮ ሳይጮህ የሚነሳውን ሰው!

መጀመሪያ የመጣው ሰርዶና አረም ነው። የብዙ አረም ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት ይቆያል፤ ፋታ ሲያገኝ ይነሳል። ቀጥሎ ሰንበሌጡ ወጣ። ከዚያ ክትክታና እምቧጮ ሞላው። ክትክታ የተራቆተ መሬት አይፈራም። ሥሩ አፈሩን ያዘ፣ ቅጠሉ እየረገፈ አፈሩን አለበሰ፣ ይንሸራተት የነበረው ውሃ መስረግ ጀመረ። ኋላ አጋሙና ቀጋው ገቡ። ፍሬ ካለ ወፍ አይጠፋም። ወፎቹ ከደብሩ ደን የወይራ ፍሬ በልተው እየመጡ፣ አጋሙ ላይ እያረፉ ዘሩን ጣሉት።

የወይራ ችግኝ ገላጣ ላይ ቢወጣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የተረፈውን ከብት ይግጠዋል። አጋሙ ሥር ግን ጥላ አለ፣ እርጥበት አለ፣ እሾሁም ፍየል አያስጠጋም። በትግራይ በተከለሉ ተራሮች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎችም የወይራ ችግኝ ከገላጣው ይልቅ ቁጥቋጦ ሥር እንደሚተርፍ አግኝተዋል። አንተ ጥሻ ያልከው የወይራው ሞግዚት ነው። ሞግዚቷን አባርረህ ሕፃኑን ማን ሊያሳድገው ነው?

አባትህ ያንን ወይራ አላየውም። ከአጋሙ በላይ ብቅ ያለው ከተዝካሩ በኋላ ነው። እሱ ያየው ክትክታውን ብቻ ነበር፤ ሰው የሳቀበትን ክትክታ። ወንድሙ ኋላ አፍሮ ከወይራው ለመጥረቢያ እጀታ የሚሆን ሊለምነኝ ሲመጣ የሰማሁት እኔ ነኝ። አባትህ ቢሰማው ምን ነበረበት? እስካሁን ያንገበግበኛል። አልሰጠሁትም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም ቢመጣ አልሰጠውም።

«ብመነጥረውም ኋላ ይመለሳል» እንዳትለኝ። ስለ ዕፅዋት መተካካት ያስተማርኩህ እኔው ነኝ። ክሌመንትስ የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መተካካቱ በሥርዓት እየተጓዘ የአካባቢው አየር ንብረት ወደሚፈቅደው የበሰለ ደን ይደርሳል ብሎ ነበር። ግሊሰን የሚባለው ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ በ1926 ተነስቶ፣ የለም፣ ነገሩ የሚወሰነው የትኛው ዘር ደረሰ፣ የትኛው ቦታው ተስማማው በሚለው ነው አለ። ሳስተምር ሁለቱንም እናገር ነበር። አሁን የማምነው ግሊሰንን ነው። አፋር ስትሠራ ፕሮሶፒስ የሚባለውን ከውጭ የመጣ እሾሃማ ዛፍ በዓይንህ አይተሃል። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ገባ፣ የግጦሹን መሬት ዋጠው። መሬት ሲለወጥ ሁልጊዜ ወደ ወይራና ጽድ ነው የሚሄደው ያለህ የለም።

የትልልቆቹ ዛፎች ዘር እንደ አረም ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ አይጠብቅህም። መምጫው ደብሩ ደን ነው፣ የሚያመጣውም ወፍ ነው። ያም ደን ከዳር ከዳሩ እየተሸረፈ ነው። አሁን ብትመነጥር ሁለተኛ ወይራ ለመምጣቱ ዋስትና የለህም። አትንካው።

ባለቤትህ የወላይታ ልጅ አይደለችም እንዴ? ስለ ሑምቦ ጠይቃት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,700 ሄክታር ግድም የሚሆን የተራቆተ ተራራ ተከለለ። ከግጦሽና ከመጥረቢያ ሲያርፍ፣ ሞተ የተባለው ጉቶና ሥር አቆጠቆጠ። ገበሬው ደህና ደህናውን ቡቃያ እያስቀረ ሌላውን መለመለ፤ ደኑ ተመለሰ። ደኑ ከአየር ስቦ የሚያስቀረው ካርቦን ተሽጦም ገንዘብ አገኙ። የኛ አንድ ተዳፋት ለዚያ አይበቃም፣ አልዋሽህም። ለቀፎ ግን ይበቃል። ብሳናው ሲያብብ ንቡን ብታየው! ሣሩም ይታጨዳል፤ ከብት አይግባ እንጂ ለአጨዳ የሚከፍል ሞልቷል። ሁለቱን አስላና ጻፍልኝ።

አሁን የምታደርገውን ስማ። ዛሬውኑ ለሠራተኞቹ ደውል። ቀብዱን አትቀበላቸው፤ ሌላ ሥራ ትተው ይሆናል። ሜዳውን ቆፍረው ለባሕር ዛፉ ያዘጋጁ። ተዳፋቱ ላይ መጥረቢያ የያዘ ሰው እንዳላይ። አንድ ብቻ ይፈቀዳል፦ ከታችኛው እርከን ጥግ ላንታና የሚባለው ወራሪ ቁጥቋጦ መብቀል ጀምሯል፤ እሱን ሳይዛመት ከነሥሩ የሚነቅል አንድ ልጅ ላክልኝ፣ እኔው ቆሜ አሳየዋለሁ። የይዞታ ደብተሩ በኔ ስም መሆኑንም አትርሳ፤ እዚህ እንድደርስ አታድርገኝ።

ሽሮና በርበሬ ከሾፌሩ ጋር ልኬያለሁ፤ በርበሬውን አናፍሰው፣ ትንሽ እርጥበት አለው። ለልጆቹ የቆሎዋን ከረጢት ስጣቸው። ሳልህ ካልተወህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ በዝንጅብል ብቻ አትሸንግለው።

ቅዳሜ ጠዋት ደውልልኝ። ከሰዓት ማኅበር አለብኝ።

እናትህ