ቅዳሜሽን ስጪኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ስለ አየር ንብረት ለውጥ እየተጨነቅሽ ሌሊት የላክሽልኝን መልእክት ጠዋት አነበብኩት። ልደውልልሽ ብዬ ተውኩት። በስልክ ሲሆን «ደህና ነኝ እማዬ» ትዪኛለሽ፣ ወሬውም እዚያው ላይ ያልቃል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ለሥራ ቦረና ሄደሽ ከመጣሽ ወዲህ እንቅልፍሽ እንደተቃወሰ አውቃለሁ። አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀርቶ፣ ከብቱ በየሜዳው ወድቆ ያየ ሰው እንዴት ደህና ይተኛል? ያ ሳይወጣልሽ በ2016 ሐምሌ የጎፋው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ቀበረ። አንቺ ደግሞ ሥራሽ እንዲህ ያለውን አደጋ ሪፖርት ማንበብ ነው። ሰው አንዴ ሰምቶ የሚያልፈውን አንቺ በየቀኑ በሰንጠረዥ ታዪዋለሽ።

«ልጅ መውለድ ያስፈራኛል» ያልሽውንም አንብቤዋለሁ። በዚህ ምንም አልልሽም። የልጅ ልጅ ልይ ብዬ አልጎተጉትሽም፣ ውሳኔው ያንቺ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ይህን የሚያህል ነገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ብቻሽን፣ ስልክ ይዘሽ ማሰብሽ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። አልታመምሽም። እምነትሽም አልጎደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት በ10 አገሮች የሚኖሩ፣ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው 10,000 ወጣቶች ተጠይቀው ነበር። 59 ከመቶዎቹ በአየር ንብረት ለውጥ በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚጨነቁ ተናግረዋል። እኩዮችሽ ናቸው። ጥፋቱንም በራስሽ ላይ አትጫኚ። የመላው አፍሪካ ድርሻ ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ4 ከመቶ አይበልጥም። አንዲት ፌስታል ስለተቀበልሽ ራስሽን የምትወቅሺው ነገር አይገባኝም።

እዚህ ቡራዩ ስኖር ግን አንድ ነገር እያየሁ ነው። በኛ አገር ሰው ሰማይ አይቶ መፍራት ዛሬ አልጀመረም። ክረምቱ ሲዘገይ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል። ሙስሊሙ ሜዳ ወጥቶ የዝናብ ሶላት ይሰግዳል። ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን በበልግ መግቢያ ለኢሬቻ ተራራ ይወጣሉ፣ ዝናቡን ይለምናሉ፣ ክረምቱ አልፎ ደግሞ ወንዝ ዳር ወርደው ያመሰግናሉ። ፍርሃቱ ትልቅ ነበር። ግን ማንም ለብቻው አልተሸከመውም። ሁሉም እያየ ይፈራል፣ ሁሉም እያየ ያለቅሳል፣ ከዚያ አብሮ ቡና ይጠጣል። አንቺ ፍርሃቱን ወርሰሽ አብሮ የሚፈራውን ሰው ነው ያጣሽው። ቢሮ ውስጥ ብታወሪው «አካበድሽ» ይሉሻል።

ባለፈው የሰፈራችን ሴቶች ችግኝ ውሃ ስናጠጣ ስላንቺ አጫወትኳቸው። ስምሽን አልጠራሁም፣ አትደንግጪ። አንዲት ባልቴት፣ ዕድሜ ልካቸውን ገብስና ባቄላ ሲዘሩ የኖሩ፣ «እኔም ሌሊት እየነቃሁ የጣራውን ድምፅ አዳምጣለሁ፣ ዝናብ ይሆን እያልኩ» አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። አንዷ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ሳይታሰብ እንደወጣ፣ ሌላዋ በረዶ ባቄላዋን እንደመታው አወራች። እንደዚያ ቀን አብረውኝ የተነፈሱበትን ጊዜ አላስታውስም። ወዲያው ስላንቺ አሰብኩ።

ስለ ችግኙ ትንሽ ላውራሽ፣ አሁን ልቤ ያለው እዚያ ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል። ጥሩ ነው፣ እኔም እተክላለሁ። ጭንቁ ጥርና የካቲት ላይ ነው። መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ፍየል ይለቀቃል፣ ባለፈው ክረምት የተተከለው አንድ ክንድ ያልሞላ ወይራ ብቻውን ይቀራል። እኛ ከዕድሩ ሴቶችና ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር የምንይዘው ወንዙ ዳር ያለችውን ቁራጭ መሬት ብቻ ነው። ኮሶ፣ ወይራ፣ ጽድ አለበት። በየሥሩ ደረቅ ሣር እንጎዘጉዛለን፣ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይሄድ። በእሾህ እናጥራለን። በጀሪካን እየቀዳን እናጠጣለን። የሞተ አለ፣ ብዙም ሞቷል። የቆመውን ግን እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። ጽዱ ሲያድግ በጣም ቀርፋፋ ነው። እኔ ጥላው ሥር አልቀመጥም፣ ይህን ሳውቅ ግን አልከፋኝም።

የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ታሪክ ነበር። አንቺም ሰምተሽዋል፣ ግን አሁን ለሌላ ነገር አስቢው። አዲስ አበባ ገና ከተማ ሳትሆን ሊያልቅላት ነበር። ዙሪያዋ ያለው ደን ተጨፍጭፎ የማገዶ እንጨት ጠፋ። ዳግማዊ ምኒልክ በዚሁ በእኛ መንገድ፣ ከሆለታ ወዲያ ባለው አዲስ ዓለም አዲስ ዋና ከተማ ሊሠሩ ተነስተው ቤተ መንግሥት ማሠራት ሁሉ ጀምረው ነበር። ኋላ ያ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቀል የቀረችው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለደረሰ ነው። ያ መፍትሔ ደግሞ የራሱን ችግር አመጣ፣ ውሃውን ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ዛሬ እኛ ባሕር ዛፉ መሀል አገር በቀሉን እየመለስን ነው። የዛሬው ችግር ከዚያ እጅግ ይሰፋል፣ አውቃለሁ። በአንድ ሰፈር ችግኝም አይመለስም። ግን አንቺ የምትኖሪበት ከተማ ራሱ «አለቀ» ተብሎ ያላለቀ ነው።

አሁን ልሄድበት ስላልሽው ሪትሪት፣ ከከተማ ገለል ብሎ ስለማረፉ። ሦስት ቀን ተራራ ላይ፣ ስልክ ተዘግቶ፣ ዮጋና ዝምታ ያለበት ነው አልሽኝ። አክስትሽ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ብላለች። እኔ በእሷ አልስማማም። አያትሽ ሱባኤ ገብተው ሰባት ቀን ከሰው ይለዩ አልነበር? ሰው ሲደክመው ገለል ይላል። ሂጂ። ገንዘቡ ካነሰሽ እኔ እሞላልሻለሁ። የምፈራው አራተኛው ቀን ላይ ነው። ከተራራው ወርደሽ ስልኩን ስትከፍቺው ያው ሪፖርት፣ ያው ክፍል፣ ያው ብቸኝነት ይጠብቅሻል። አያትሽ ከሱባኤ ሲወጡ የሚገቡት ማኅበራቸው መሀል ነበር። ሦስት ቀኑን ያጸናላቸው እሱ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቅዳሜሽን ስጪኝ። ሁሉንም አልልም፣ የቻልሽውን ያህል። እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ አገር ወደ 20,000 ሰው የተካተተበት ጥናት ነበር። በሳምንት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ መሀል ያሳለፉት፣ ምንም ካልወጡት ይልቅ ጤናቸውም ስሜታቸውም የተሻለ እንደሆነ ተናግረዋል። ሁለት ሰዓት የእኛ ውሃ ማጠጫ ጊዜ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ መናገሻ ሱባ እንውጣ። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር መጥቶ ተተከለ የሚባልለት ደን ነው። ጽዱና ዝግባው መሀል ስትሄጂ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያዩሻል። ልጅ ሆነሽ እዚያ «ስንት ዓመቱ ነው?» እያልሽ ግንዱን ሁሉ ታቅፊ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ቅዳሜን ሳትጠብቂ አድርጊልኝ። ሪፖርቱን በሥራ ሰዓት ብቻ አንብቢው፣ አልጋ ላይ ይዘሽው አትግቢ። እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ በዚህ ከቀጠለ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ እናያለን። አብሬሽ እመጣለሁ፣ ከፈለግሽ በር ላይ እቀመጣለሁ።

ለቅዳሜ የሚቆሽሽ ጫማ ይዘሽ ነይ። ጀሪካን እዚህ አለ። ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር እንጀምራለን፣ ስለዚህ ዓርብ ማታ ብትመጪና ብታድሪ ይሻላል። ባልቴቷም «ያቺ እንቅልፍ ያጣችው ልጅ መቼ ትመጣለች?» እያሉ ይጠይቁኛል። አንቺ መሆንሽን አውቀውብኛል መሰለኝ።

እናትሽ