ሞገዱ ባዶ ሳለ ላልተዋችሁን፦ ከትንሿ ራዲዮ ጣቢያችን የምስጋና መልእክት

የተወደዳችሁ አድማጮቻችን፣

መብረቅ ጣቢያችንን የመታበትን የዚያን ሌሊት ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁና መልሼ አልተርከውም። ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ሙሉ በእኛ ሞገድ ላይ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። አንዲት እናት ደውለው «ዛሬ ይመለሱ ይሆናል እያልኩ ራዲዮኑን ሳልዘጋው ነው የማድረው» ያሉኝ ቀን ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው እንኳ አላስታውስም። እናቴ፣ ይኸው መጣን።

ከሁሉ በፊት ጋሼን ላመስግን። ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል፤ «እኔ ብሎን ነው ያጠበቅሁት» ይላሉ። እሺ፣ ስማቸውን አልጠራም። ያደረጉትን ግን ሳልናገር ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ዓመታት ያለፏቸው የራዲዮ ቴክኒሻን ናቸው። ማንም ሳይጠራቸው በማግሥቱ ጠዋት የመሣሪያ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው በራችን ላይ ተገኙ። እኛ በቃ አለቀ ብለን ተቀምጠናል። እሳቸው የማሰራጫውን ክዳን ፈትተው ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ «የተቃጠለው ኃይል ማጉያው ነው፣ ሌላው ደህና ነው» አሉ። ይህን ሲሉ የነበርንበትን ክፍል ዝምታ አሁንም እሰማዋለሁ። ለማጉያው የሚሆኑት ትራንዚስተሮች ተፈልገው እስኪመጡ ሳምንታት ፈጀ። ገጥመን ስናበራው ኃይሉ ትንሽ ይወጣና ወዲያው ይወርዳል። ደጋግመን ሞከርን፤ ያው ነው። ያን ቀን ብዙዎቻችን አለቀስን።

ጋሼ አላለቀሱም። የአንቴናውን ኬብል ነቀሉና በምትኩ ደሚ ሎድ ሰኩ፤ ኃይሉን ወደ አየር ሳይለቅ በሙቀት መልክ የሚጨርስ መሞከሪያ ነው። ማሰራጫው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንገራገጭ ሠራ። «ልጆች፣ በሽታው እዚህ አይደለም፣ ላይ ነው» አሉን። እውነትም ምሰሶው ጫፍ ላይ ኬብሉ ከአንቴናው የሚገናኝበት ማያያዣ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። ወደ ላይ የላክነው ኃይል እዚያ ደርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማሰራጫው ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን ዝቅ እያደረገ ነበር። እኛ የሞተ መስሎን የረገምነው መሣሪያ ለካ ራሱን እያዳነ ነው! ወጣቱ ቴክኒሻናችን ምሰሶው ላይ ሲወጣ ጋሼ ከሥር ቆመው ቀበቶው የታሰረበትን እያንዳንዱን ነጥብ ስም እየጠሩ ያስፈትሹት ነበር። ከዚያም የምሰሶውን፣ የማሰራጫውንና የስቱዲዮውን የምድር ሽቦ ለየብቻ ተቀብሮ ቢያገኙት ሁሉንም ወደ አንድ አገናኙት፤ መብረቅ ቢመጣ በመካከላቸው መሣሪያችንን መተላለፊያ እንዳያደርገው።

ማታ ማታ ተስፋ ስንቆርጥ ያወሩን ነበር። ኤፍ ኤም ራሱ የተወለደው መብረቅ በራዲዮ ላይ ከሚፈጥረው ጩኸት ጋር ከተደረገ ትግል መሆኑን፣ ኤድዊን አርምስትሮንግ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1933 የፈጠራ መብቱን እስኪያገኝ ድረስ ለዓመታት መልፋቱን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። በአሜሪካ በርክሌይ ከተማ በ1949 የተከፈተው ኬፒኤፍኤ የሚባል የአድማጮች ጣቢያ በዓመቱ ገንዘብ አልቆበት መዘጋቱን፣ አድማጮቹ አዋጥተው በ1951 እንደገና ወደ አየር እንደመለሱትም ነግረውናል። «እነሱ ከመንፈቅ በላይ ነው ዝም ያሉት፤ እናንተ በስንት ሳምንት ነው የምትሸበሩት?» ብለው ሲቆጡን ልባችን ይመለስ ነበር።

ክፍያ ስናነሳ ፊታቸው ጠቆረ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ስቱዲዮ ውስጥ መቀመጥ። ተቀመጡ። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቁ። «እንደምን አደራችሁ» ስል ቀና ብዬ ባያቸው

ይቅርታ፣ ይህን ስጽፍ ማቋረጥ ነበረብኝ።

ጋሼ፣ ፊትዎን በእጅዎ ሲሸፍኑ አይቻለሁ። ያየሁ ያልመሰልኩት ድምፄ እንዳይቆረጥ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ስለ አንድ ትንሽ ጣቢያ ይህን ያህል ለምን እንደተለቀሰ ለማያውቁ ጥቂት ልበል። የጀመርነው በተውሶ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ በ50 ዋት ማሰራጫ ነው፤ ከአንድ የድሮ አምፖል የማይበልጥ ኃይል። በዚያች ኃይል የጠፋ ልጅ ከእናቱ ተገናኝቷል። ጎርፉ በመጣበት ሌሊት ማይኩ ሳይዘጋ ነግቷል፤ ደም ለጋሽ ሲፈለግ የሆስፒታሉ በር ተጨናንቋል። ማይክ ፊት እጃቸው ይንቀጠቀጥ የነበሩ ልጆች ዛሬ በትልልቅ ጣቢያዎች ዜና ያነባሉ። እኔ ግን ከሁሉ የምኮራው ፊደል በማታው ትምህርታችን የቆጠሩ አንድ አባት የጻፉልን ደብዳቤ ነው። ሦስት መስመር ናት። በመስታወት ተሠርታ ስቱዲዮው ውስጥ ተሰቅላለች፤ እሷም ተርፋለች።

ማኅደራችን ግን አልተረፈም። እናንተ ግን ከቤታችሁ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ከእኛ ስርጭት የቀዳችኋቸውን ካሴቶች ይዛችሁ መጣችሁ። ዛሬ በሕይወት የሌሉ ባልደረቦቻችን ድምፅ ተመለሰልን። ይህን በምን ቃል ላመስግን? ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጠናል፤ ካሴቶቻችሁን መጥታችሁ ውሰዱ፣ በየባለቤቱ ስም ተቀምጠዋል።

ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ ጄኔሬተር ያዋሳችሁ፣ ኬብል የተሸከማችሁ፣ በጸሎት ያሰባችሁን፣ ያለ ደመወዝ የሠራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ፣ ክበሩልን።

የሁላችሁንም ስም መዘርዘር ፈልጌ ነበር። ጥበቃችን በሩ ላይ የመጣውን ሰው ሁሉ በደብተር ሲመዘግብ ከርሟል፤ ግን ብዙዎቻችሁ ስማችሁን ሳትነግሩት ሰጥታችሁ ሄዳችኋል፤ የአንዳንዶቹም ገጽ ዝናብ ነክቶት አይነበብም። የዘነጋኋችሁ ይቅር በሉኝ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው የሚያውቅ ካለ ይንገረን፤ ከሰኞ ጀምሮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ዜና በኋላ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እናነባለን።