ለግብርና ሚኒስቴር፦ የፍየልና በግ ክትባቱ ከቆላው ይጀምር

ለግብርና ሚኒስቴር
የእንስሳት ጤና ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች በሙሉ

ክቡራን፣

የበግና ፍየል ደስታ መሰል የተባለውን የቫይረስ በሽታ ከዓለም ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2015 ኮትዲቯር አቢጃን ላይ የተቆረጠው ቀነ ገደብ 2030 ነው። ጊዜው ደርሷል። ክትባቱን ከባሕር ማዶ የምንለምን አይደለንም፤ ቢሾፍቱ ላይ ራሳችን እናመርተዋለን፤ የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ጥራት መቆጣጠሪያ ማዕከልም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። አንዴ በትክክል የተከተበች ፍየል ቢያንስ ለሦስት ዓመት አትያዝም። ታዲያ በሽታው ለምን አልቆመም? በሥራዬ እንዳየሁት፣ ክትባቱ የሚሄደው ቫይረሱ ወደሚኖርበት ሳይሆን ጩኸት ወደተሰማበት ነው።

የምሠራው ወሎና አፋር በሚዋሰኑበት አካባቢ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የቆመ ሰው ነገሩን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ከአፋር ቆላ የመጣው ፍየል በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ይጫናል። ሁሉም ለዕርድ አይደለም፤ ለርቢ ብሎ የሚገዛም አለ። ቫይረሱ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪታይባት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን ስለሚወስድ፣ ገዢው ጤነኛ ብሎ የነዳት ፍየል በረቱ ከገባች በኋላ ትተኛለች። ዓይኗ በዓይናር ይጣበቃል፣ አፍንጫዋ በደረቀ ንፍጥ ይደፈናል። ከንፈሯን ገልበጥ ቢያደርጉት ድዷ ላይ የተፈጨ ብጣሪ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎ ይታያል፤ በጣት ሲነካ ይላጣል፣ ሽታው አያስጠጋም። ከዚያ ተቅማጥና ሳል ይከተላል፣ እርጉዟ ታስወርዳለች። ባለቤቱ ሳንባ ነው ብሎ ያለ የሌለ ገንዘቡን ለኦክሲቴትራሳይክሊን ያወጣል። መድኃኒቱ ደርቦ የመጣውን የባክቴሪያ ሕመም ሊያግዝ ይችላል እንጂ ቫይረሱን አይነካውም።

ይህ የእኔ የገበያ ትዝብት ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ የደም ምርመራ ውጤት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ቫይረሱ ዘላቂ መኖሪያ የሚያገኘው በቆላው አርብቶ አደር መንጋ ውስጥ መሆኑን፣ ክትባቱ እዚያ ላይ ቢያተኩር በሽታውን ማቋረጥ እንደሚቻል አመልክቷል። ደጋ ላይ በወረርሽኝ ማግስት የምንሮጠው ሩጫ ምንጩን አያደርቀውም። በአንድ ወረዳ ክትባቱ የደረሰን በሽታው ቀበሌዎቹን አዳርሶ ካለፈ በኋላ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ግን የተከተበው ብዛት ተሞልቶ ሄደ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ዕቅዱ ከግልገሎቹ እንዲነሣ ነው። ግልገል ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ ሦስት አራት ወር ሲሆናት ያልቃል፤ ከዚያ በፊት ብትከተብ ክትባቱ በአግባቡ አይዝላትም። ወንዱ በየጊዜው ይሸጣል፣ አዲስ ይወለዳል፤ አምና ተከትቦ የነበረ መንጋ ዘንድሮ ግማሹ ያልተከተበ ሊሆን ይችላል። በበጀት ዓመት መዝጊያ ሳይሆን በየአካባቢው የወሊድ ወቅት የተቆጠረ ቀን ያስፈልገናል፤ ያንን ቀን ደግሞ ከአርብቶ አደሩ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ማን ይከትብ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእጃችን አለ። ዋናውን የከብት ደስታ በሽታ፣ ያንን የክፉ ቀንን ረሃብ ያመጣብንን፣ ከአፋር ያስወጣነው ከመንደሩ በተመረጡና በሠለጠኑ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው ከከብቱ ጋር እየተጓዙ ከተቡ፤ ከኅዳር 1995 በኋላ በአገራችን ወረርሽኝ አልታየም። በ2011 ዓለም በሙሉ ከበሽታው ነፃ ወጣ። ለፍየሉ በሽታም ሙቀት የሚቋቋም የክትባት አዘገጃጀት ተሠርቷል። መኪና የማይገባበትን ቦታ በበረዶ ሣጥን ለመድረስ ከመታገል ይህንን ማስፋት ይቀላል። እነዚያን ሠራተኞች ግን የሚከፍላቸውና የሚቆጣጠራቸው አካል ያስፈልጋል፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ ተበትነው የቀሩትን በስም አውቃቸዋለሁ።

ምርመራውም እንዲሁ። ከዓይን በሚወሰድ እርጥበት እዚያው በረት አጠገብ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ መመርመሪያ አለ። የወረዳ ባለሙያ ይህ በእጁ ቢኖር ከኮምቦልቻ ወይም ከሰበታ ላቦራቶሪ ማረጋገጫ እስኪመጣ የገበያውን እንቅስቃሴ ማስቆም ይችል ነበር። ከክትባቱ በኋላም ደም ተወስዶ ስንቱ መንጋ መከላከያ እንዳዳበረ ይለካ። ባዶ የሆነ ብልቃጥ መቁጠር ይህንን አይነግረንም።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 ይኸው በሽታ ሞንጎሊያ ውስጥ ከቤት እንስሳት ወደ ዱር ተሻግሮ ሳይጋ የተባለውን የዱር ሚዳቋ መሰል እንስሳ መንጋ ፈጅቷል፤ የዱር ፍየሎችም ሞተዋል። ሰሜን ተራሮች ላይ ዋልያና የገበሬው ፍየል ጎን ለጎን ይግጣሉ። ሌላ ቦታ የሌላትን ዋልያ በዚህ በሽታ ብናጣ የሚመልስልን ማንም የለም።

ከመጪው የክትባት ዘመን በፊት የቆላ ወረዳዎችን የክትባት ቀን፣ የሚላከውን የዶዝ መጠንና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በይፋ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ። ባለሙያውም አርብቶ አደሩም ቀኑን አውቆ እንዲዘጋጅ።

ከአክብሮት ጋር፣
በወሎና አፋር አዋሳኝ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም